የባዘዘው ጣሊያንኛ

ደባርቅ ውስጥ ጣሊያንኛ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ ባዘዘው። እንደሚያውቅ እኛ ሁላችን እርግጠኞች ነበርን። እንደማያውቅ የምታውቀው ሚስቱ ሸጊቱ ብቻ ነበረች።

ዘመኑ ዘጠና ዓመተ ምሕረት አለፍ እንዳለ ነው። ባዘዘው ከገበያው በታች ባለች የጭቃ ቤት ቪዲዮ ያሳያል። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻ፣ ረጃጅም አግዳሚዎች፣ ከጓሮ የሚያጓራ ጄኔሬተር። ከዚያ በፊት የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሊማሊሞን ሲወጣና ሲወርድ ነው ያረጀው። አባቱም ያን መንገድ ጣሊያን ሲቆርጠው ድንጋይ ያቀበሉ ናቸው። «እኛ ቤት ጣሊያንኛ እንደ ጎመን ነው የተበላው» ይል ነበር ደረቱን ነፍቶ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን የባዘዘው ጣሊያንኛ ከመኪና ሆድ አይወጣም፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ። ቦንጆርኖ ሲጨመርበት አለቀ።

ታዲያ ስሜን ተራራ ወጥቶ የተመለሰ አንድ ጎብኚ የጣሊያን ፊልም ያለበት ካሴት ለበቅሎ ነጂው ትቶለት ሄደ፤ በቅሎ ነጂው ደግሞ ለባዘዘው አመጣለት። በገበያ ቀን ከሰዓት ቤቱ ጢም አለ። ከጊች ገብስ ጭነው የወረዱ ገበሬዎች፣ ከዳባት የመጡ አስተማሪዎች፣ ነጋዴው፣ ሥራ ፈቱ። ባዘዘው ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ በሸንበቆ እየጠቆመ ይተረጉማል።

ፊልሙስ ፊልም ነው! ኮቱን ሲቦርሽና ጺሙን ሲያበጥር የሚውል አንድ ኩሩ ሰውዬ አለ። ሚስቱ ከዳቦ ጋጋሪው ጋር ትጠፋለች። ሰውዬው «ሚስቱ ጥላው ሄደች» ከሚባል «ነፍስ አጠፋ» ቢባል ይሻለዋል። ዳቦ ጋጋሪው ሌላ ከተማ ዱቄት እያቦነነ፣ እሱ «ገደልሁት!» ብሎ እጁን ይሰጣል። ዳኛውና ከንቲባው አንድ ማዕድ ላይ ሥጋ እየቆረጡ ይፈርዱበታል። ይህን ያህሉን ያለ ትርጉምም በዓይናችን አየነው። ንግግሩን ነው ባዘዘው ከሆዱ እያወጣ የሞላው።

«አሁንስ ምን ይላል?» አለ አንዱ፣ ከንቲባው አፉን ሲከፍት።

«ለትምህርት ቤቱ የመጣውን ቆርቆሮ የት አደረስከው ቢሉት፣ የእናቴን ቤት አልብሼበታለሁ፤ እናት አንዲት ናት ይላል።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ግን ከፊት አግዳሚ ላይ ቶሎ ሞተ። እዚያ አቶ ገሠሠ ተቀምጠዋላ! አቶ ገሠሠ የአንድ ጽሕፈት ቤት ምክትል ኃላፊ ናቸው፤ የቱ እንደሆነ ይቅር። ከጣሊያን አገር በጎ አድራጊዎች ለትምህርት ቤት የላኩት ቆርቆሮ በእሳቸው እጅ ነበር ያለፈው። የትምህርት ቤቱ ጣራ እስካሁን ግማሹ ባዶ ማገር ነው። የእናታቸው ቤት ደግሞ ኮረብታው ላይ እንደ መስታወት ያበራል። ባዘዘው ይህን አስቦ አልነበረም፤ አፉ ላይ የመጣውን ነው ያለው። ግን ያን ሰሞን ቆርቆሮው ልቡ ውስጥ ያልነበረ ማን አለ?

በማግስቱ አቶ ገሠሠ አስጠሩት።

«ባዘዘው፣ ያን ነገር የተናገረው ፊልሙ ነው ወይስ አንተ?»

«ፊልሙ ነው ጌታዬ።»

«እንግዲያ ጣሊያንኛ ታውቃለህ።»

«እንዴታ!»

«ደግ። ቆርቆሮውን የላኩት ሰዎች ወኪል ሐሙስ ይመጣል። አስተርጓሚው ጎንደር ላይ ታሞ ቀርቷል፤ አንተ ታስተረጉማለህ። ካቃተህ ስድቡ የወጣው ከራስህ አፍ ነው ማለት ነው። ስም ማጥፋት እስር እንዳለው ታውቃለህ አይደል?»

ባዘዘው እግሩን እየጎተተ ቤቱ ገባ።

«አላውቅም በል፤» አለች ሸጊቱ። «አንዲት ቃል ናት። ይቅርታ ጠይቅና ና።»

«አንቺ ሴት፣ ዕድሜ ልኬን ጣሊያኑ ስባል ኖሬ፣ ነገ በገበያው መካከል እንዴት ነው የማልፈው?»

«በእግርህ። እንደ ሰዉ።»

«ወንድ ልጅ የተናገረውን አይውጥም!»

«ያን ፊልም አይተኸው የለ? ሰውዬው ለምን ነበር የታሰረ?»

«ሚስቱ ጥላው ስለሄደች።»

«አይደለም። ጥላኝ ሄደች ማለት ስላቃተው ነው።»

ረቡዕ ማለዳ ስንቅ ቋጥሮ ወደ ጃናሞራ ዘመዶቹ ዘንድ ሊጠፋ ወጣ። ገና ከከተማው ሳይርቅ ወፍጮ ቤት የተሰለፈው ሰው አየው። «ጣሊያኑ! ነገ እንሰማሃለን! አደራ እንዳታሳፍረን!» ባዘዘው እጁን እንደ ሹም አውለበለበና ተመለሰ። ምን ያድርግ? በዚህ ገሠሠ፣ በዚያ ደባርቅ በሙሉ።

ሐሙስ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰው እንደ ንግሥ ቀን ተኮለኮለ። ከጣሊያን አገር የመጣው ወኪል ቀጭን፣ ባርኔጣ የደፋ ሽማግሌ ነው። ባዶውን ማገር እየጠቆመ ብዙ ተናገረ።

«ምን አለ?» አሉ አቶ ገሠሠ።

«ቆርቆሮው የት ሄደ ይላል።» ይህን ጥጃም ይተረጉመዋል።

አቶ ገሠሠ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። «ነፋስ ወሰደው በለው። የስሜን ነፋስ።»

እንግዲህ በየትኛው መኪና ሆድ ውስጥ ነፋስ አለ? ባዘዘው ጉሮሮውን ጠረገ። «ቦንጆርኖ! ካምቢዮ… ፍሪሲዮን…» አለ እንደ ዜማ እየጎተተ። ጣሊያኑ ግራ ገብቶት ወደ መኪናው ዞረ፤ ሾፌሩም ደንግጦ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ሕዝቡ አጉረመረመ። «አያችሁ? በሁለት ቃል መኪና አስከፈተ!»

«ነፋሱን ንገረው እንጂ!» አሉ አቶ ገሠሠ በጥርሳቸው።

ባዘዘው ጨነቀው። ጉንጩን ነፋና «ፉዉዉ!» አለ። ሁለት እጁን ወደ ማገሩ አንስቶ ቆርቆሮ ነቀለ፤ ከቆርቆሮው ጋር እየተንገዳገደ ግቢውን ዞረ። የበረረ ቆርቆሮ ግን የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት። የተዘረጋ እጁ ሄዶ ያረፈው ኮረብታው ላይ፣ ፀሐይ በሚያንጸባርቀው አዲስ ጣራ ላይ ነው። ሆን ብሎ ይሁን ሳያስበው፣ እስከ ዛሬ እንከራከርበታለን።

ጣሊያኑ ጣቱን ተከትሎ አየ። ከዚያ ባዶውን ማገር አየ፤ አቶ ገሠሠን አየ። አንድ ነገር ተናገረና መኪናው ገብቶ ሄደ።

«ምን አለ?» የአቶ ገሠሠ ድምፅ ቀጥኗል።

አልሰማሁም ቢል ምን ነበረበት! ሸጊቱ ከሰው መካከል ሆና ራሷን ትነቀንቃለች። ግቢው አፉን እያየ ይጠብቃል። ባዘዘው ቀና አለ።

«ነፋሱ እናት አለችው ወይ? ነው የሚለው።»

ሳቁ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ባዘዘው ከግቢው ሳይወጣ ተያዘ።

የነፍስ አባቱ መምሬ ወልደ ሩፋኤል ሽማግሌ ይዘው ገቡ። አቶ ገሠሠም የከተማው ሳቅ እንቅልፍ ነስቷቸው ነበርና ተስማሙ። ባዘዘው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሽማግሌዎች ፊት «ጣሊያንኛ አላውቅም፤ ሁሉን የፈጠርኩት እኔ ነኝ» ካለ ይፈታል። ከዚያ ወዲያ አውቃለሁ ብሎ ለአንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ ካለ ስምምነቱ ፈረሰ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሸጊቱ በእስር ቤቱ መስኮት ነገረችው። ቁንጫ በልቶት፣ ጉንጩ ጎድጉዶ ነበር። «እሺ፤ እላለሁ» አለ። ከልቡ ነበር። እየሮጠች ሄዳ ጋቢውን አጠበችለት።

እሑድ ጋቢውን ታቅፋ መጣች። ሽማግሌዎቹ ማዶ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ወደ እስር ቤቱ በር ስትጠጋ የጠባቂው የሸጋው ድምፅ ከውስጥ ተሰማት።

«ጋሽ ባዘዘው፣ እውነት ጣሊያንኛ አያውቁም?»

ሸጋው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰዉ ለመፈታት ብሎ ነው የሚክደው ይላል እኮ። እኔ ደግሞ ለማንም አልናገር።»

ሸጊቱ ግድግዳውን ተደግፋ፣ «አላውቅም በል፣ በመድኃኔ ዓለም አላውቅም በል» ትላለች በልቧ።

«በሞቴ፣ ሰውዬው መኪናው ሲገባ የመጨረሻዋን ምን ነበር ያላት?»

ከውስጥ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ።

«ሸጋው፣» አለ ባዘዘው፤ ድምፁ እንደ ድሮው ሞልቷል፤ «ጣሊያንኛ ጥልቅ ቋንቋ ነው። ቀረብ በል።»

ሸጊቱ ጋቢውን ጭኗ ላይ አድርጋ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። መምሬ ወልደ ሩፋኤል ከዛፉ ሥር እጃቸውን ዘርግተው ተጣሩ።

«ይምጣ እንጂ ልጄ! ምን ይጠብቃል?»

«ገና ነው አባቴ፤» አለች። «እያስተረጎመ ነው።»