ኤፊ ሪቺ እና ስሙ የማይጠራው እንስሳ

ኤፊ ሪቺ ብሩሽ የጣለችው ገና በጎልማሳነቷ፣ ስሟ በየቤቱ በሚጠራበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ አንዲት ገጽ አልሣለችም። ኤድንብራ ያለው አሳታሚዋ ሰው እየላከ ለመናት፣ መጽሐፎቿን የሚወዱ ሕፃናት በጠማማ ፊደል ጻፉላት፤ ወይ ፍንክች። ሐዘን ነው ያደረቃት ይላሉ የሩቅ ሰዎች። ሐዘንማ ነበር። ግን እኛ ስካርዊክ ውስጥ ሐዘን ያልጎበኘው ቤት የለንም፤ ለሐዘን ተብሎ ሥራ የተወ ሰውም አላየንም።

የመንደራችን ቤቶች ነፋሱን ፈርተው ጎናቸውን ለባሕር ሰጥተው የቆሙ ናቸው። ኤፊ ከእነዚህ በአንዱ ተወለደች። አባቷን ባሕር ሲወስደው ገና ዳዴ ትል ነበር። እናቷ ቤላ ጣቶቿን በጨርቅ ጠቅልላ የሄሪንግ ዓሣ ሆድ ዕቃ እየዘረገፈች ኤፊንና ታላቅ ወንድሟን ዶድን አሳደገች። ኤፊም ጉልበቷ ሲጠና ከእናቷ ጎን ቆመች፤ ግን ለዚያ ሥራ አልተፈጠረችም። ቢላዋው እጇ ላይ ነው፣ ዓይኗ ግን ሰው ላይ። የበርሜል ክዳን ገልብጣ በከሰል የአለቃውን አፍንጫ ስትሥል ትያዛለች። ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፣ ስድቡን እናቷ ትጠጣለች።

"ይቺ ልጅ የምትዘረግፈው ዓሣ ሳይሆን ሰው ነው" ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። አንድ ጊዜ አይታ ከሣለችህ ጉድህ ሁሉ ክዳኑ ላይ ነው።

ከዚያ ቅዝቃዜ ያወጣት ዶድ ነው። ለራሱ ደህና ካፖርት ሳይኖረው አበርዲን የሥዕል ትምህርት ቤት አስገባት። እሷም አላሳፈረችውም፤ ራሷ እየጻፈች ራሷ እየሣለች የልጆች መጽሐፍ ማውጣት ጀመረች። ስም ስታገኝም ከተማ አልቀረችም፤ ተመልሳ የእናቷ ጣሪያ ሥር ጠረጴዛዋን ዘረጋች። አንድ ነገር ብቻ ይዛ መጣች፤ የተማረ ሰው ሳቅ። የምንፈራው ነገር ሁሉ ያስቃት ጀመር።

እኛ ዘንድ የማይጠሩ ስሞች አሉ። ባሕር ላይ ቄስ አይባልም፤ "ጥቁር ካፖርት" ነው። ሳልመን አይባልም፤ "ቀዩ ዓሣ" ነው። ከሁሉም የሚከፋው ግን ያ ጭቃ ውስጥ የሚንከባለለው፣ ጅራቱ የተጠቀለለው ነው። አሳማ። ይኸው አንዴ ጻፍኩት፤ ብረት ነክቻለሁ፣ አትቀየሙኝ። ስሙ ያመለጠው ሰው "ቀዝቃዛ ብረት!" ብሎ ምስማርም ይሁን የምድጃ በር መንካት አለበት። ጠዋት ስሙን የሰማ ወይም መልኩን ያየ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ትቶ ቤቱ ቢገባ ደግሞ ለምን የሚለው የለም። መብቱ ነው።

ኤፊ ታዲያ ይህንኑ እንስሳ ቆብ ደፍታለት፣ ቡት አጥልቃለት ዓሣ አጥማጅ አደረገችው። ስሙን ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ቦታ አልጻፈችም፤ "ጨዋው" ነው የምትለው። ቃሉ ከሌለ ጥፋት የለም ብላ አሰበች። የኤድንብራ ሰው ቢሆን ቃሉን ለመሸሽ አይጨነቅም፣ ከመንደር ያልወጣ ሰው ደግሞ ሥዕሉን አይሞክረውም። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራው አንድ እግሩ እዚህ፣ አንድ እግሩ እዚያ የሆነ ሰው ነው።

"ይሄ ነገር ቤቴ ውስጥ ምን ይሠራል?" አለች ቤላ መጽሐፉን ስታይ።

"እማ፣ ስሙ የትም የለም። ፈልጊና አግኚው።"

"ምኑን ነው የምፈልገው? ቁጭ ብሎ እያየኝ!"

ዶድ ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ተይው እማ፣ ቆቡ ከእኔ ቆብ ያምራል" አለና ጠቅልሎ ወሰደው። እህቱ የሠራችው ነገር ነውና ኮርቶበታል። ዓሣ የሚያጠምድባት ጀልባው ላይ፣ መሪው ካለበት ክፍል መደርደሪያ ላይ አኖረው።

ያገኘው ሌቢ ነው፤ ከዶድ ሠራተኞች ሁሉ ሽማግሌው። በጥር አንድ ጠዋት፣ ሊወጡ ሲሉ፣ ሻይ ሊያፈላ ገብቶ መጽሐፉን ገለጠ። እየጮኸ ከጀልባው ዘለለ። ኤፊ ዳቦ ገዝታ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወደቡ ላይ ቆማ ነበር።

"ሰውዬው ተሳፍሯል!" አለ ሌቢ፣ የእንስሳውን ስም ላለመጥራት። "ከሱ ጋር አልሄድም! ገደል ይግባ!"

"አባባ ሌቢ፣ ወረቀት እኮ ነው" አለችው ኤፊ። "ከነከሰዎት እኔ እጠየቅበታለሁ።"

"ሳቂ። አንቺ ሳቂ። ባሕሩም ሲስቅ እናያለን።"

ሽማግሌው ቡቱን እየጎተተ ሄደ። ኤፊ ደግሞ እሱ ከዓይን ሲሰወር ወገቧን ይዛ አረማመዱን ታስመስል ጀመር። "ጀግናው ከወረቀት ሲሸሽ!" እያለች እዚያው ብዙ ካስቀቻቸው በኋላ፣ እንደዚያው እያለች ዳገቱን ወጣች፤ ሴቶቹም እንባቸው እስኪመጣ እየሳቁ ተከተሏት። ቀልድ ታውቅበታለች፤ ያን ቀንም ጥሩ አድርጋ ነው የተጫወተችው።

ጀልባዋ ረፋድ ላይ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞረ። ማታ ሁላችንም ወደቡ ላይ ቆምን፤ የገቡት ጀልባዎች ገቡ፣ የዶድ አልገባችም። ባሕር የመለሰልን ሁለት የዓሣ ሣጥን ብቻ ነው። ሬሳ አልተገኘም።

ከዚያ በኋላማ ሌቢን ማን ዝም ያሰኘዋል። ኤፊ ሱቅ ስትገባ ሴቶቹ እጃቸውን ወደ ሚዛኑ ብረት ይሰዳሉ፤ ያን ጠዋት አብረዋት የሳቁት ሳይቀሩ፣ እንዲያውም እነሱ ብሰው። ቤላ ክፉ አልተናገረቻትም፤ ምሳዋን ታቀርብላታለች፣ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትበላው። የዶድ ሚስት ቴኒ በሯን ዘጋች። ትንሿን ልጇን ሚናንም መንገድ ላይ ኤፊን ስታይ እጇን ይዛ ታሻግራታለች። ኤፊ ያቺን ልጅ እንደ ነፍሷ ነበር የምትወዳት።

መንደሩ ያሻውን ቢል ኤፊ ትችለው ነበር። ነፋስ ነው የገደለው፣ ወረቀት ጀልባ አይገለብጥም ትላለች፤ ልክም ናት። የቴኒ ዝምታ ግን ከውስጥ በላት። ከቴኒ አፍ "አንቺ አይደለሽም" የሚል ቃል ብትሰማ ሌላ ምንም አትፈልግም ነበር። በሩን ታንኳኳለች፣ አይከፈትም። ደግሞ ትሄዳለች፣ አይከፈትም። እንዲህ ሆኖ ክረምቱ አለፈ፣ በጋው አለፈ፣ ሌላ ክረምት መጣ።

አንድ ቀን ተከፈተ። ቴኒ ከስታለች። "ግቢ" አለቻትና ወደምትልጠው ድንች ተመለሰች። ሚና ትምህርት ቤት ነበረች። ኤፊ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ተናገረች።

"ቴኒ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝና እሄዳለሁ። አንቺም መጽሐፉ ነው ትያለሽ?"

ቴኒ ድንቹን አስቀመጠች።

"አሳማ ሰው አይገድልም" አለች። ጥርት አድርጋ፣ ብረት ሳትነካ።

ኤፊ ያኔ ነው የተቀመጠችው። በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። "ተመስገን" አለች፣ "ተመስገን፣ እኔኮ አንቺም እንደነሱ..."

"አልጨረስኩም" አለች ቴኒ። "ያን ቀን ሌቢ ከሄደ በኋላ ዶድ እዚህ መጥቶ ነበር። ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"አሁን አንቺ የተቀመጥሽበት ነው የተቀመጠው። 'ሰማዩ ከትናንት ጀምሮ አላማረኝም' አለኝ። 'ሠራተኞቼ ፊት ፈራሁ ማለት ከብዶኝ ነበር፤ እግዜር ይስጠው ሌቢ ሰበብ ሰጠኝ። በዚያ ነገር ምክንያት ቀረሁ ብል ማን ምን ይለኛል?' ቡቱን አወለቀ። እኔም ሻይ ጣድኩ። ደስ ብሎኝ፣ ኤፊ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!"

ኤፊ ቀና አለች። ቴኒ ግን እሷን አላየችም፤ በመስኮቱ ወደ ዳገቱ ነበር የምታየው።

"ከዚያ በዚህ መስኮት ሥር ስታልፉ ሳቅሽን ሰማ። 'ጀግናው ከወረቀት ሲሸሽ' ስትይ። ሴቶቹም ሁሉ ሲያሽካኩ።"

"ቴኒ፣ እኔ እኮ ሌቢን ነበር..."

"አውቃለሁ። እሱም ያውቃል። ፈገግ ብሎ ነበር እንኳን። 'ይቺ እህቴ!' አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቡቱን መልሶ አጠለቀ።"