ከሰማይ የታየው ተባይ

ከሚሴ የደን ባለሙያ ሆኜ የገባሁ ዕለት የተረከብኩት ቦት ጫማ አልነበረም፤ ኮምፒውተር ነው። የቡድን መሪያችን አቶ እሸቱ "ሰዓዳ፣ ዛሬ ደን የሚጠበቀው ከሰማይ ነው" አሉኝ። ደስ አለኝ። የከሚሴን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። የአንድን ደን የሳተላይት ምስል ከወር በፊት ከተነሣው ጋር ታስተያያላችሁ። ቅጠል የሳሳበትን ቦታ ኮምፒውተሩ ቀይ ይቀባዋል። ድርቅ ይሁን፣ መጥረቢያ ይሁን፣ ቅጠል በል ነፍሳት ይሁን የሚለየው ግን ባለሙያው ነው፤ ዛፉ ድረስ ሄዶ።

እኔ አልሄድኩም። መኪናችን ጋራዥ ነበረች። እውነቱን ልናገር፣ ብትኖርም አልሄድም ነበር፤ ዕውቀቱ ያለው እኔ ጋ መሰለኝ።

በበጋው ከጨፋ ሮቢት ወዲያ ያለው ግራር ከቆላው በኩል ጀምሮ ውኃ ውኃውን ቀይ በቀይ ሆነ። ሪፖርት ጻፍኩ፦ "ዓይነቱ ያልታወቀ ቅጠል በል ነፍሳት። ከቆላ የመጣ፤ ውኃ ዳር የሚያዘወትር፤ በመንጋ የሚንቀሳቀስ።" አቶ እሸቱ "ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው!" አሉ። ወዲያው የፀረ ተባይ ርጭት ተፈቀደ።

ርጭቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ሐጂ ሙሄ ቢሮ መጡ። እዚያ ደን ውስጥ ቀፎ የሰቀሉ ሽማግሌ ናቸው።

"አካም ጅርታ ልጄ? መርዝ ልትረጩ ነው አሉ። ንቦቼስ?"

"ቀፎውን ያንሡት፣ ሐጂ።"

"ባበባ ጊዜ ወዴት ላንሣው? ወላሂ፣ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። እስቲ ተባዩ ምን ዓይነት ነው?"

ሪፖርቴን ኮራ ብዬ አነበብኩላቸው። አገጫቸውን ይዘው ሰሙኝ።

"ይሄ ነፍሳት አንገቱ ረጅም ነው?"

"እንዴት ማለት?"

"በገበያ ቀን ሰንበቴ ከተማ ይሸጣል?"

ክው አልኩ። በማግስቱ መንገዱ እስኪያልቅ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ሄድኩ። ግራሩ ሥር ግመሎች ቆመው ያመነዥካሉ፤ እረኞቹ ቅርንጫፍ እየመለመሉ ይጥሉላቸዋል። በየበጋው ውኃ ፍለጋ ከቆላ ወደ ጨፋ ይወጣሉ። ይህን የማያውቅ የከሚሴ ሕፃን የለም፤ እኔ ደግሞ እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ! አፈርኩ።

አቶ እሸቱ ጋ ደወልኩ።

"ተባዩን አገኘሁት።"

"ጎበዝ! ስንት ሚሊ ሜትር ነው?"

"ከእርስዎ ይረዝማል።"

ሲገባቸው ጮኹ። "ሪፖርቱ እኮ በበላይ አካል ጸድቋል! ምን ልንል ነው? ይረጭና ይለቅ!"

"የሐጂ ንቦች ያልቃሉ። ስህተቱ የኔ ነው፣ በኔ ስም ይሂድ" አልኩና አዲስ ሪፖርት ጻፍኩ፦ "ምክንያት፦ ግመል።" ፈረምኩበት።

ርጭቱ ቀረ። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሳቀብኝ፤ እስከ ዛሬም "ግመሏ" የሚለኝ እንጂ በስሜ የሚጠራኝ ጥቂት ነው። ሐጂ ሙሄ ግን ማር ይዘውልኝ መጡ። "አብሽሪ ልጄ፣ ነፍሳቶቼ ደኅና ናቸው" አሉኝ። ተቀብዬ አለቀስኩ።

አዲስ ለምትገቡ ልንገራችሁ። ሳተላይቱ ቅጠሉ መጥፋቱን ያሳያል፤ ማን እንደበላው አያሳይም። ሂዱና እዩ። መኪና ከሌለ በእግር።