በእኔ በር ያለፈው ከርከሮ

ጦሩ እጄ የገባው በምሳ ሰዓት ነው። አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ከቤታቸው ጓዳ ይዘውት ወጡና ቆጮዬን ሳልጨርስ ጉልበቴ ላይ አጋደሙት። «የሚመጣው ቅዳሜ አንተ ትወጣለህ። የእኔ ጉልበት እምቢ ብሏል» አሉኝ። ጨው ገዝተህ ና እንደማለት አቅልለው ነበር የተናገሩት።

ባለቤቴ ከአራት ዓመቷ ልጃችን ጋር በሩ ላይ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም አየኋት።

ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። ቦንጋ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። ያኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል አወጣና አስገባ ነበር። በሕይወቴ የገደልኩት ነገር ቢኖር የበዓል ዶሮ ነው፤ እሱንም ፊቴን አዙሬ። አንድ ፋሲካ አንገቷ በቅጡ ያልተቆረጠ ዶሮ ከእጄ አምልጣ የጎረቤት ሳሎን ድረስ ገብታለች። እንግዲህ ለከርከሮ አደን የታጨው ይህ ሰው ነው።

የአማቴ እርሻ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ ወርዶ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ከበቆሎው ማዶ ያለው ጫካ ነው። በዚያ ክረምት ከርከሮ የሰፈሩን በቆሎ እየገነደሰ፣ እንሰቱን ከሥሩ እየማሰ ሰዉን አስለቅሶት ነበር። ስለዚህ ሰፈርተኞቹ ጫካውን ከበው ለማደን ከየቤቱ አንድ ወንድ እንዲወጣ ተስማሙ። ሰው ያልላከ ቤት አይቀጣም፤ ከበባው የእሱ እርሻ ጋ ሲደርስ ግን ማንም አይመጣለትም። የባለቤቴ ወንድም ሥራ አግኝቶ ቴፒ ሄዷል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ሥጋው ደግሞ በእኛ ቤት አይበላም። ለማልበላው ሥጋ ልሞት ነው እያልኩ ነበር የማስበው።

በዚያ ላይ ባለቤቴ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከመጀመሪያዋ ልጃችን በኋላ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ሁለቱንም ጊዜ ሆዷ ሳይገፋ ወሬው አገር አዳርሶ ነበርና ያጠፋብን ወሬው ነው ብላ አመነች። የአሁኑን ስትነግረኝ በልጃችን ስም አስማለችኝ፤ በዓይን እስኪታይ ድረስ ለእናቷም ቢሆን ትንፍሽ እንዳልል። እኔ እንዲህ ባለ ነገር አላምንም። ሆኖም የማላምንበትን ነገር መፍራት አላቆምኩም ነበር።

የዚያን ቀን ወደ ቦንጋ ስንመለስ አይሱዙው ላይ ተጠግታ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ።

«ጫካ ከመግባታችሁ በፊት ይጠይቋችኋል እኮ።»

«ምን ብለው?»

«ሚስቱ ያረገዘች አለ ወይ ብለው።»

እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ከርከሮው ከጫካው የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች በር ይሏቸዋል። በየበሩ አንድ ጦር የያዘ ሰው ይቆማል፤ የቀሩት ከውሾች ጋር ሆነው ቆርቆሮ እየደበደቡ አውሬውን ወደ በሮቹ ይነዱታል። በአማቴ ሰፈር ሚስቱ ያረገዘች ሰው በር ላይ አይቆምም። ጦሩን አስቀምጦ ከነጂዎቹ ጋር ይሄዳል። በሩ ላይ ቆሞ ከገደለ ፅንሱ አይጸናም ይባላል።

«እና ምን ልበላቸው?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቃለሁ። ብቻ እንዳትናገር።»

ተናደድኩ። ብናገር መሐላዬን ማፍረሴ ነው። ካልተናገርኩ በር ላይ ልቆም ነው። ልጃችን መሃላችን ተኝታ ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። ቦቲ ጫማ ገዛሁ። በመሥሪያ ቤቱ ጓሮ ሰው የሌለ ሲመስለኝ በመጥረጊያ እንጨት ልምምድ አደረግሁ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ አይታኝ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። ልጄ «አባዬ፣ ከርከሮው ይነክስሃል?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይነክስም» አልኳት። «እንዴት አወቅህ?» ስትለኝ አዲሱን ቦቲ እንድትለካው ሰጠኋት።

ዓርብ ማታ ብቻዬን ሄጄ አማቴ ቤት አደርኩ። ቅዳሜ ማለዳ ሲያካፋ የሰፈሩ ወንዶች በቆሎው ዳር ተሰበሰቡ። የአደኑ መሪ ቀንድ ያነገቱ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። የተባለውን ጥያቄ በካፊኛ ጠየቁ። ሁለት ጎልማሶች እጃቸውን አወጡና ጦራቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ሰዉ ሳቀ፣ እንኳን ደስ አላችሁ ተባሉ፣ ተቀለደባቸው። ምነው ከእነሱ አንዱ በሆንኩ አልኩ። መሪው ወደ እኔ ዞረው፣ አልገባኝም እንዳልል መሰለኝ፣ በአማርኛ ደገሙልኝ።

«አንተስ የከተማው? ቤትህ ያረገዘች አለች?»

ዘመኑ የግምገማ ነበር። በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ላይ ቆሜ ግለ ሂስ አድርግ ስባል ያልሠራሁትን ጥፋት ሁሉ ስናዘዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰዓት አላከብርም፣ ባለጉዳይ አመናጭቃለሁ ብዬ አውቃለሁ፤ አንዱም እውነት አልነበረም። አሁን ግን አንዲት እውነተኛ ነገር ብናገር ነፃ እወጣለሁ፤ የምታስፈታኝ እሷው ናት፤ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

«የለችም» አልኩ።

አማቴ በዱላ እየተደገፉ እኔ የምቆምበት በር ድረስ ወሰዱኝ። ጫካው ዳር በሁለት እንሰቶች መካከል ያለች ጠባብ መተላለፊያ ነበረች። «ሲመጣ እንዳትወረውር» አሉኝ። «ጦሩን ዝቅ አድርገህ በሁለት እጅ ያዘው። ራሱ ይገባበታል። እንዳትሮጥ።» ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰው በቆሎው ውስጥ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ስንት ሰዓት እንደቆምኩ አላውቅም። ካፊያው በአንገቴ እየገባ ወደ ጀርባዬ ይወርዳል። ከገደልኩት ፅንሱስ? ካልገደልኩት እኔስ? እኔ ከሞትኩ እነሱን ማን ያሳድጋቸዋል? ይህን ሦስት ጥያቄ እየደጋገምኩ አፈራረቅሁት። እዚያው እያለሁ መዝገብ ቤቴ ናፈቀኝ። አቧራው ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል?

ቀንዱ ተነፋ። ከዚያ ቆርቆሮው፣ ከዚያ ውሾቹ። ጩኸቱ ራቅ ብሎ ጀመረ፤ ቀረበ፤ ድንገት ፊት ለፊቴ ሆነ። ከርከሮው ከቁጥቋጦው ሲወጣ መጀመሪያ ያየሁት ጆሮውን ነው። ወደ እንሰቱ ተጣበቅሁ። ልብሴን ሊነካኝ ምንም ሳይቀረው አለፈ፤ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ቀረ። የአማቴን በቆሎ ሰንጥቆ ከበታቹ ያለው ወንዝ ዳር ሲደርስ የተከተለውን ውሻ ዞሮ ሆዱን ቀደደውና ተሻገረ።

መጀመሪያ የደረሱት አማቴ ናቸው። ጦሩን ከእጄ ወስደው ብረቱን አገላብጠው አዩት። እስከ አንገቱ ጭቃ ነበር። ከእንሰቱ ቅጠል ቆርጠው ጠረጉት።

በሰፈሩ ወግ አውሬው ያመለጠበት ሰው ሁሉም በተሰበሰቡበት ቆሞ መናገር አለበት። ቆምኩና «በእኔ በር አለፈ» አልኩ። «ምነው አልወጋኸውም?» አሉኝ መሪው። ዝም አልኩ። አንዱ «ብዕር ብትሰጡት ኖሮ ይወጋው ነበር» ሲል ሁሉም ሳቁ። ያልሳቀው የውሻው ባለቤት ብቻ ነው፤ በማዳበሪያ መስፊያ መርፌ የውሻውን ሆድ ይሰፋ ነበር። አማቴ የተገነደሰውን በቆሏቸውን ያያሉ። እንዲያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ ቤቴ ገባ። አልገደልኩም፤ በዚያ በኩል ፅንሱ ደህና ነው እላለሁ። ግን ዋሽቼ በር ላይ ቆሜያለሁ። ውሸቱ ራሱስ እንደ መግደል ቢቆጠርብኝ? ባለቤቴ ወገቧን ስትይዝ የእኔ ወገብ ይቆረጣል። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ሆዷን አሟት ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ እስኪወጣ ኮሪደሩ ላይ እየተንጎራደድኩ፣ ይህን ብቻ አውጣልኝ እንጂ በሚመጣው ዓመት ሦስት በር ላይ እቆማለሁ ብዬ ለፈጣሪ ተሳልኩ። ሐኪሙ ወጥቶ «ደህና ነች፣ እረፍት ታድርግ» አለኝ። ስለቱ ከልብ አልነበረም ብዬ ወዲያው ራሴን አጽናናሁ።

ኅዳር ሲገባ ሆዷ ገፋ፤ መሐላችንም ተፈታ። ወሬው አማቴ ሰፈር ሲደርስ ሰዎቹ ወራቱን ወደ ኋላ ቆጠሩ። ያልጠበቅሁት ነገር የመጣው ያኔ ነው። ለካ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ለካ መናገር ስለማይችል በር ላይ ቆሞ፣ ለልጁ ሲል ከርከሮውን አሳልፎ፣ ተሰድቦ ዝም ያለ ሰው ነው ተባለልኝ። የአደኑ መሪ በገበያ ቀን ቦንጋ ላይ አግኝተውኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። የውሻው ባለቤት ማር ላከልኝ፤ ውሻው ድኖ ነበር።

ባለቤቴ አለቀሰች። «ለእሱ ብለህ ነው አይደል?» አለችኝ ሆዷን ይዛ።

«አዎ» አልኩ።

እውነቱ ይህ ነው። ከርከሮውን ያሳለፍኩት ለማንም ብዬ አልነበረም። ውሾቹ ገና ራቅ ብለው መጮህ ሲጀምሩ ጣቶቼ ተፈቱ። ከርከሮው ብቅ ከማለቱ በፊት ጦሩ ከእጄ ወድቆ ጭቃው ውስጥ ነበር። በዚያች ሰዓት ሚስቴም ትዝ አላለችኝም፣ ፅንሱም ትዝ አላለኝም። ከርከሮው ካለፈ በኋላ፣ አማቴ ሳይደርሱብኝ፣ ጎንበስ ብዬ አነሳሁት።

መጋቢት ላይ ወንድ ልጅ ተወለደ። በክርስትናው ድግስ የሰፈሩ ሰዎች መጥተው ታሪኩን ለእንግዳው ሁሉ ተረኩ፤ እኔም አቀርቅሬ ትሑት መሰልኩ። አማቴ ብቻ ታሪኩ በተነሳ ቁጥር ብርጭቋቸውን ያዩ ነበር።

ነሐሴ ተመልሶ መጣ። የአማቴ ጉልበት አልዳነም፤ በቆሎው ግን ደርሷል። በቆሎው ዳር ቆመን መሪው ሲጠይቁኝ «የለችም» አልኩ፤ በዚህ ዓመት እውነት ነበር። በሩ ያው የአምናው ነው። አማቴ እያነከሱ ወሰዱኝና ጦሩን አቀበሉኝ።

«ዘንድሮ ሰበብ የለህም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያን ጭቃ የጠረግሁት እኔ ነኝ። በሁለት እጅ ያዘው።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያውቁ ኖረዋል። ለሚስታቸው አልነገሩም፣ ለልጃቸው አልነገሩም፣ በድግሱ ላይ ሰው ሲያመሰግነኝ ትንፍሽ አላሉም።

ወደ ድንጋያቸው ይመለሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተመለሱም። ያንን ጉልበታቸውን ይዘው፣ በባዶ እጃቸው ከኋላዬ ቆሙ። እኔ ገለል ብል ከርከሮው የሚያገኘው እሳቸውን ነው።

ቀንዱ ተነፋ፤ ውሾቹ ጮኹ። ጣቶቼ እንደ አምናው ሊፈቱ ሲሉ ይሰማኝ ነበር። ከኋላዬ የአማቴን ትንፋሽ እየሰማሁ ጦሩን በሁለት እጄ ያዝኩት።