ዞልንሆፈን ላይ የያዝኩት ዲጂኖ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ለንደን፣ ባተርሲ ወዳለው ቤቴ መጥታ ስልኳን አሳየችኝ። "አባዬ፣ በትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆቹን እዚህ ልወስዳቸው ነው። ድንጋይ እየፈለጡ የጥንት ዓሣ የሚያገኙበት የጀርመን ከተማ ነው። ቡክ ላድርገው?" ስሙን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዞልንሆፈን።

በደርግ ጊዜ እዚሁ ለንደን የሥነ ምድር ተማሪ ነበርኩ። ክፍላችን ውስጥ ተስፋይ የሚባል የአስመራ ልጅ ነበር። እሱም በአማርኛ የተማረ ነው፤ ግን የኤርትራው ጦርነት መካከላችን ገብቶ ዓመት ሙሉ የተለዋወጥነው "ጉድ ሞርኒንግ" ብቻ ነበር፤ እሱንም አንገታችንን አቀርቅረን።

በዐቢይ ጾም መምህራችን ክፍሉን በሙሉ ወደ ዞልንሆፈን ወሰደን። ሁለት ቀን የዘነበው ዝናብ ገና ማባራቱ ነበር። የዚያ አገር ድንጋይ ገርጣ ያለ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ነው፤ በመሮ ስትገልጠው ከነቅርፊቱ ዓሣ፣ ከነክንፉ የውሃ ተርብ ተኝቶ ታገኛለህ። ምሳ ሰዓት ላይ ሌሎቹ ቋሊማና ዳቦ ሊበሉ ወደ ታች ወረዱ። የድንጋይ ካባው ውስጥ የቀረነው ሁለት ጾመኞች ብቻ ነበርን።

ተስፋይ "አትቅረቡ" የተባልነው ግድግዳ ሥር ገብቶ ይፈልጥ ነበር። ድንጋይ ሲንሸራተት ሰማሁ፤ ወዲያው "እግሬን! እግሬን!" የሚል ጩኸት፣ በአማርኛ። ስደርስ የበር መዝጊያ የሚያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ እግሩን ተጭኖ ወደ ደረቱ እየተንሸራተተ ነው። ያገኘሁትን ዲጂኖ ከሥሩ ሸጉጬ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ቆመ። ማንሳት ግን አልቻልኩም፤ ሰው ልጥራ ብዬ ብለቀው ደረቱን ይጨፈልቀዋል። ብጮህ ደግሞ የጎረቤቱ ካባ ማሽን ድምፄን ዋጠው።

"አውራኝ፣ ራሴን እንዳልስት" አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምን ላውራህ?"

"ወንድም አለህ?"

"አለኝ። ወታደር ነው። እናንተ ጋ፣ ግንባር።"

ዓይኑን ጨፈነ። "የኔም እዚያው ነው። ከታጋዮቹ ጋር በረሃ ከወጣ ሦስት ዓመቱ።"

እውነቱን ልናገርና፣ ያን ጊዜ እጄ ላላ። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው፤ ድንጋዩ ግን ጣት ያህል ወረደ። ተስፋይ አቃሰተ፤ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ደንግጬ እንደገና ተጫንኩት፤ መምህራችንና የካባው ሠራተኞች ከምሳ ተመልሰው ዲጂኖውን ከእጄ እስኪቀበሉኝ ድረስ ቀና አላልኩም።

እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ሆስፒታል ስጠይቀው ስለ ምግቡ፣ ስለ ፈተናው እናወራለን እንጂ ያን ቀን አናነሳም። በዓመቱ የወንድሜ መርዶ መጣ። ተስፋይ በከዘራ እያነከሰ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ መጣና ሦስቱንም ቀን አጠገቤ ተቀመጠ። ለቀስተኛው ሲመናመን ጠብቄ፣ "ተስፋይ፣ ያን ቀን እጄ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ደክሞህ ነበር" አለኝ ቶሎ ብሎ። "ድንጋዩ ከባድ ነበር።"

ዛሬ እሱ ኤድመንተን ይኖራል፤ ሁለታችንም ሸምግለናል፣ በየእሑዱ እንደዋወላለን። ያን ያለኝ አምኖበት ይሁን ሊያሳርፈኝ፣ እስካሁን አልጠየቅኩትም። አንዳንድ ሰው ይቅር ሲልህ የበደልህን ስም ቀይሮ ይሰጥሃል። እኔ ግን ትክክለኛ ስሙን አውቀዋለሁ። እሱም የሚያውቀው ይመስለኛል።