የእትዬ አልጋ

በዐረብ አገር፣ ሳትዋ በሚባል ሰፈር፣ አልጋ አልጋ ተከራይተን በምንጋራው ክፍል ውስጥ አክስቴን ሁሉም «እትዬ» ይሏቸው ነበር። የቦታ ስም ከሰሙ «የማን ሰፈር ነበር?» ሳይሉ አያልፉም። ዘግይቼ በጀመርኩት ትምህርት፣ ሪፐን የሚባል የእንግሊዝ ከተማ ስሙን ያገኘው ህሪፔ ከተባለ የጥንት የአንግሎች ነገድ መሆኑን ሳነብላቸው፣

«ሰዎቹስ?» አሉኝ።

«የሉም፣ እትዬ።»

«ኸላስ? አለቁ? ማን ይጠራቸዋል ታዲያ?»

«ከተማው ሁሉ፣ ሳያውቃቸው።»

«እሱም ይበቃቸዋል።»

እትዬ ካረፉ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ፤ አንሶላቸውን አጥፌ መልሼ እዘረጋዋለሁ። አልጋቸው ለሌላ ሲከራይ እሳቸውም የሚረሱ መሰለኝ። ትናንት አይታቸው የማታውቅ ልጅ ሻንጣዋን እየጎተተች ገብታ፣ «የእትዬ አልጋ የተባለው የቱ ነው?» አለችኝ።

አንሶላውን አነሳሁላት። ስማቸው መጠራቱ እሳቸውን ይበቃቸው ይሆናል፤ እኔን ግን አልበቃኝም።