ዐይንን ገልጦ መቆም

ትናንት የልጄን የቴኳንዶ ልብስ ሳጥብ፣ የላብና የእርጥብ ሣር ሽታው ወደ ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ውሃው ዳር መለሰኝ።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። የምንለማመደው ጠዋት ጠዋት፣ ከከተማው ወረድ ብሎ ውሃው ዳር ባለ ሜዳ ላይ ነበር። ጭጋጉ ሳይነሳ በባዶ እግራችን ጤዛው ላይ እንቆማለን፤ ዓሣ አጥማጆቹ መረብ እየጎተቱ ሲጠራሩ ይሰማናል።

አሰልጣኛችን አዲስ ሰው ሲመጣ ለምን እንደመጣ ይጠይቅ ነበር። አንዱ የመታውን ልጅ መልሶ ለመምታት ነው አለ። ሐይቁ ዳር ካለው ገዳም የመጣ የቆሎ ተማሪ ቁጭ ብሎ ሲማር ስለሚውል ወገቡ እንደተያዘ ተናግሮ አሳቀን። እኔ የመጣሁት ፊልም አይቼ ነበር፤ አፍሬ “ለጤና” አልኩ። በቅርቡ ከዓረብ አገር የተመለሰችው ጎረቤታችን ግን “እንዲሁ ነው” ብላ አቀረቀረች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እታለም ነበር የምላት። እናቷ ነገሩን አልወደዱትም፤ ሴት ልጅ ሰው ፊት እግሯን ስታነሳ አላየንም እያሉ እናቴ ዘንድ መጥተው አማርረው ነበር።

አንድ ቀን አሰልጣኛችን እኔንና እታለምን አጣመረን። እግሬን ገና ከፍ ሳደርግ ዐይኗን ጨፍና፣ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ሸፍና ሣሩ ላይ ቁጢጥ አለች። አልነካኋትም። አሰልጣኛችን እኛን እንድንሮጥ ላከንና አጠገቧ ተቀመጠ። “አብሽሪ፣ ቀስ ብለን ነው” ሲላት ሰማሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ነገረችኝ። ዓረብ አገር ትሠራበት የነበረው ቤት እመቤት እጇን ባነሳች ቁጥር፣ እሷ ዐይኗን ጨፍና ነበር ምቱን የምትጠብቀው።

“መማታቱን አልፈልገውም ወላሂ” አለችኝ። “የሰው እጅ ሲነሳ ዐይኔን ገልጬ መቆም ነው የምፈልገው።”

ከዚያ ወዲያ ልምምዱ ለእኔም ሌላ ሆነ። እግሬን ቀስ አድርጌ ወደ ትከሻዋ አነሳለሁ፤ ትጨፍናለች፤ አወርዳለሁ፤ ደግሜ አነሳለሁ። ክረምቱ አልፎ አደይ ሲፈነዳ፣ የሚርገበገበው ሽፋሽፍቷ ብቻ ነበር።

የቀበቶ ፈተናው ቀን እናቷ ሳይጠሩ መጡ። ሻርፓቸውን አጥብቀው ከዛፍ ሥር ቆሙ። ተጋጣሚዋ ረዘም ያለች የደሴ ልጅ ነበረች። የመጀመሪያው ምት ሲሰነዘር የእታለምን ፊት አየሁ፤ ዐይኗ አልተከደነም። ምቱን በክንዷ መለሰችው። ኋላ ደጋግማ ተመታች፤ ግን ቁጢጥ አላለችም። በነጥብ ብትሸነፍም ቀበቶውን አገኘች።

አሁን ኮምቦልቻ ሴት ልጆችን ታሰለጥናለች አሉ። ከተያየን ብዙ ዘመን ሆነን።

እኔ ግን የማስባት ያን ቀን እንደነበረችው ነው። እናቷ ተጠግተው ክንዷ ላይ የቀላውን ቦታ በጣታቸው ዳበሱ። ከተመለሰች ጀምሮ አንድም ቀን ያልጠየቋትን ጠየቋት።

“እዚያም ይመቱሽ ነበር?”

“አዎ፣ እማ።”

ሁለቱም ቀስ እያሉ ዳገቱን ወደ ከተማው ወጡ፤ እሷ በባዶ እግሯ፣ እናቷ ጫማዋን በእጃቸው ይዘውላት።