በመነጽሩ ውስጥ የተዘረጋው ፀጉር

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዛሬም በድሮ ሰፈራችን በመሳለሚያ ሳልፍ የጋለ ብረትና የተቃጠለ ዘይት ሲሸተኝ ያ ቅዳሜ ይመጣብኛል።

አባቴ ጓሯችን ባለው የብረት መቅረጫ ቶርኖ ለአንድ ደንበኛ የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር ይሠራ ነበር። ቱቦውንና ሌንሶቹን ጨርሶ፣ ውስጡ በመስቀል ቅርጽ የሚዘረጋው ክር ብቻ ቀርቶታል።

"ሽቦ ይወፍራል። ነይ እስቲ አንቺ!" አለና ከጭንቅላቴ ሁለት ዘለላ ፀጉር ነጭቶ በቱቦው ውስጥ አጣምሮ ዘረጋቸው።

ሲያልቅ፣ ሊወስደው የመጣው ደንበኛ በመነጽሩ የጎረቤት ጣራ እያየ ሳቀ። "ጋሼ፣ በዚህማ ያ የወንድሜ ገዳይ ጢሙ ሳይቀር ይታየኛል!"

"አባዬ፣ ሰው ሊገድልበት እኮ ነው" አልኩ በቀጭን ድምፅ።

"ዝም በይ! እኔ የሠራሁት ቱቦ ነው። የሚተኩሰው እሱ ነው።"

"ፀጉሩ ግን የኔ ነው።"

በጥፊ አጮለኝ። ሰውዬው መነጽሩን በጋቢው ጠቅልሎ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ሰፈራችን ያለው ፀጉር አስተካካይ ጋ ሄጄ ሙልጭ አድርጎ እንዲላጨኝ ለመንኩት። ምላጩን እንደያዘ ቆመ።

"ውይ ሚጣዬ፣ ማን ሞተባችሁ?"

"ገና ነው" አልኩት።